ለጡረታ ሲባል የሞተች ሚስት

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ለሥራዋ ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱት ግን ሌላ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ክፍል ሱቅ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ጠመኔ የጠገበ የመቁረጫ ጠረጴዛና ቁመት ሙሉ መስታወት አላት። ይህን ሁሉ ያፈራችው ባሏ ሃምሳ አለቃ ከጦር ሠራዊት ባዶ እጁን ከተሸኘ በኋላ ነው። ባዶ እጄን ተሸኘሁ ያለው ራሱ ነው፤ እሷም አመነችው።

«ለጡረታ ዓመቱ አልሞላልህም አሉኝ» አላት የመጣ ዕለት፣ ሻንጣውን እንኳ መሬት ሳያስቀምጥ በሩ ላይ ቆሞ። አለቀሰችለት። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አበላችው፣ አለበሰችው፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ፍለጋ ሲወጣ የአውቶብስ ሰጠችው፣ ጫማው ሲያልቅ ጫማ ገዛችለት። ሥራው ግን አልተገኘም። እንዴት ይገኛል? ፈላጊ ከሌለው ሥራ እግር አውጥቶ ቤት ድረስ አይመጣም።

ፍቺውን የጠየቀችው እሷ ናት። ዳኛው ምክንያቷን ሲጠይቋት «ደከመኝ» አለች፤ ሌላ የምትለው አልነበራትም። ሃምሳ አለቃ ግን የሚለው ሞልቶት ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ዕድሜዬን ለአገር ሰጥቼ ቤሳ ቤስቲን የለኝም። ሱቁ በትዳር የተፈራ ነው። ይሸጥና ድርሻዬ ይሰጠኝ» አለ። ዳኛው በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርፌ ያንን የራስ መነቅነቅ ስታይ ለሱቋ ፈራች። ሱቁ ከተሸጠ ምን ይዛ ትነሳለች? በሷ ዕድሜ ሰው ቤት ተቀጥሮ ቁልፍ መትከል ይጀመራል እንዴ?

በሳምንቱ አንድ ጎልማሳ ሰው ሱቋ ገባ። ገባ ከማለት ድምፁ ቀድሞት ገባ ማለት ይሻላል። በሠራዊት ሳለ ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ ዛሬም «ደህና ዋልሽ» ሲል መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ጓደኞቹ ጥሩምባ ነው የሚሉት።

«እህቴ፣ ሃምሳ አለቃን ፈልጌ ነበር» አለ ቆቡን አውልቆ። «የሟች እህት አንቺ ነሽ አይደል?»

«የማን ሟች?»

«የባለቤቱ ነዋ! ነፍሷን ይማርና። አንድ ቀን ስናልፍ "የሟች ሚስቴ እህት ሱቅ ነው፣ የምታኖረኝም እሷ ናት" ብሎ አሳይቶኛል።»

የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ መርፌው ሥር ነበር። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። ሌላ ሴት ብትሆን ትጮኽ ነበር፣ መቀስም ታነሳ ይሆናል። እሷ ግን ሳትለካ መቀስ የማንሳት ልማድ የላትም። በርጩማውን ሳብ አደረገችለትና «እባክዎ ይቀመጡ፣ ቆመው አይቅሩ» አለችው።

ጥሩምባም ተቀምጦ ሁሉንም ዘረገፈላት። የሠራዊት ጡረተኞች በዓመት ሁለት ጊዜ በጦር ሰፈሩ ግቢ ይሰለፋሉ፤ ስማቸው ሲጠራ «አለሁ!» ይላሉ፣ ያላለ እንደሞተ ተቆጥሮ አበሉ ይቆረጥበታል። ባለትዳሩ ከነሚስቱ ጎን ለጎን ይቆማል። ሃምሳ አለቃ ባለፈው ሰልፍ ሳይመጣ ቀረ፣ ጓደኞቹም ሞቶ ይሆን ብለው ደነገጡ። ሰልፉ መቼ እንደነበር ስትጠይቀው ነገራት። ቀኑ ሃምሳ አለቃ ዳኛው ፊት «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ያለበት ቀን ነበር።

«ለመሆኑ ጡረታ ይበላል እንዴ?» አለች፣ ክር የምትፈልግ መስላ ጎንበስ ብላ።

«ከወጣንበት ቀን ጀምሮ ነዋ! ደግሞ ብቻውን የሚበላ እንዳይመስልሽ። አበል በተቀበልን ቁጥር በጡረተኞች ክበባችን ውስጥ ሁላችንንም የሚጋብዘው እሱ ነው። "ለማን ላስቀምጠው፣ ሚስት የለኝ" ይላል። እንደሱ ያለ ቸር ሰው አላየሁም።»

ቸር! መርፌ የአውቶብስ የሰጠችባቸውን ጠዋቶች ሁሉ አሰበች። ለካ ሰውዬው በሷ ሳንቲም ተሳፍሮ ሄዶ በራሱ ጡረታ ጌታ ይሆን ኖሯል።

«እስቲ ስለ እህቴ ምን ይላችሁ ነበር?» አለችው። «ሰው ሲያነሳት ደስ ይለኛል።»

የጥሩምባ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «በእንቅልፏ ነው ያረፈችው አለን። ጸጥ ያለች ሴት ነበረች አለ፣ ቁጣ የማታውቅ። እሷ የሰፋችው ልብስ ሰው ላይ ሲሆን ይስቃል ይለን ነበር። እጇ ወርቅ ነበር እያለ ስንቴ አልቅሷል መሰለሽ።»

አሁን እውነቱን እንነጋገር፤ ሆዷ ባባ። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ከዚህ ሰው አፍ «እጅሽ ወርቅ ነው» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። «መብራቱን አጥፊው፣ ይቆጥራል» የሚል ግን ስንት ጊዜ ሰምታለች። ሆዷ የባባው ግን ለአፍታ ነበር። ወዲያው ደሟ ፈላ። በቁሟ ማመስገን ያቃተው ሰው ቀብሮ ያመሰግናታል! ምን ዓይነት ነውር ነው ይሄ? ቁጣ አታውቅም ያለውን ስትሰማ ልትስቅም ቃጥቷት ነበር።

«መሞቷን እንዴት አመኑት ታዲያ ባለሥልጣኖቹ?» አለች። «ስሟ እዚያ አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ። ሠራዊት ሳለ አይደል ያገባት? ስለዚህ ወይ ከሷ ጋር መቆም አለበት፣ ወይ ሦስት ጓዶች ሞታለች ብለው ቃል መስጠት አለባቸው። ከጦርነት ጊዜ የቀረ ልማድ ነው። ያኔ ሰው በየሜዳው ይቀራል፣ ወረቀት ይቃጠላል፤ ሦስት ጓዶች እጃቸውን አንስተው ሞቷል ካሉ አለቀ።» ጥሩምባ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ። «ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ።»

«ሬሳዋን አይተዋል?»

«ጓዴ እየነገረኝ ምን አያለሁ?» አለ፣ እንደመቀየም ብሎ።

ሰልፉ ያመለጣቸው ጓዶቻቸው ባሉበት እንደገና የሚሰለፉበት ቀን ማክሰኞ መሆኑን ነገራት። የሃምሳ አለቃ አዲስ መኖሪያ ከአክስቱ ቤት ጓሮ መሆኑን እሷ ነገረችው። ሊወጣ ሲል «እኔስ ብመጣ ችግር አለው?» አለችው።

«ነይ እንጂ! የሟች እህት የሁላችንም እህት ናት» ብሎ ሄደ። መስታወቱ ትንሽ ቆይቶ ጸጥ አለ።

ጠበቃዋ ነገሩን ሲሰማ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተው። ወጣት ነው፣ ደስታና ጥንቃቄ አንድ ላይ የሚመጡበት ዓይነት። «እትዬ፣ በቃ አበቃለት!» አለና ወዲያው ጣቱን ቀሰረ። «ግን ስሙኝ። ይሄን ነገር በጓዳ ነው የምንጨርሰው። እጠራዋለሁ፣ እናውቃለን እለዋለሁ፣ ሱቁን ይተዋል፣ ከጡረታውም ያካፍልዎታል። ግቢው ድረስ ሄደው አደባባይ ካወጡት ግን ጡረታውን ያቆሙበታል። ያኔ እውነትም ገቢ የሌለው ሰው ይሆናል። ዳኛው ደግሞ የሌለውን ሰው ባዶ እጁን አያሰናብቱም፤ ሱቅዎ ላይ ነው የሚመጡት። ውሸቱን እርስዎ እውነት ያደርጉለታል ማለት ነው።»

«ገብቶኛል» አለች።

«እንግዲያው አይሄዱም?»

«ገብቶኛል ነው ያልኩህ» አለችው።

ሃምሳ አለቃ ቅዳሜ መጣ። ጥሩምባ አግኝቶት ኖሮ «የሟች እህት እንዴት ያለች ደግ ናት! ማክሰኞ አብራን ትቆማለች» ብሎት እንጥሉን ዱብ አድርጎታል። በፌስታል ብርቱካን ይዞ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያመጣው የመጀመሪያ ብርቱካን ነው። መርፌ የአንዲት ደንበኛ እጅጌ እየለካች ስለነበር በርጩማው ላይ አስቀምጣ አቆየችው። የግራውን ለካች፣ የቀኙን ለካች፣ የማያስፈልገውን ወገብም ለካች። ደንበኛዋ ስትወጣ ጊዜ ሰውዬው ተነስቶ ቆመ።

«ስሚ፣ ሱቁን ተውኩልሽ» አለ። «ከጡረታውም ግማሹን ውሰጂ። ከፈለግሽ ሁሉንም ውሰጂው! ግቢው ብቻ አትምጪብኝ።»

ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ ነው የገባት። ገንዘቡ አይደለም የሚያመው። ዘጠኝ ዓመት ያካበተው ሀብት ሌላ ነው፤ እነዚያ ሽማግሌ ወታደሮች ክበቡ ውስጥ ሲገባ «መጣ ቸሩ፣ መጣ ሐዘንተኛው» እያሉ የሚነሱለት መነሳት ነው። የሚነካበትን ቦታ ራሱ በጣቱ አሳያት፤ ሞኝ!

«ለምን ገደልከኝ?» አለችው።

ይዋሻል ብላ ጠብቃ ነበር። አልዋሸም። «ካንቺ ጋር ስቆም የሰፊዋ ባል ነኝ» አለ ወለሉን እያየ። «ብቻዬን ስቆም ሃምሳ አለቃ ነኝ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይከበራል።»

«በደህና ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ አብሬህ ቆሜ ባላሳፈርኩህ ነበር።»

«አሁን ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ?»

ብትል ኖሮ ይወድቅ ነበር። ጠበቃውም፣ ሱቁም፣ ልቦናዋም «እሺ በይ» አሏት። እሺ ብትል ሱቁም ይተርፋል፣ ጡረታውም ይመጣል፣ እሷም እንደሞተች ትኖራለች። የመጨረሻዋን ስታስብ እርር ድብን አለች። ፌስታሉን አንስታ መልሳ እጁ ላይ አንጠለጠለችለት።

«ማክሰኞ እንገናኝ።»

ሰኞን ሙሉ የደንበኛ ሥራ አልነካችም። ለራሷ ቀይ ቀሚስ ሰፋች፤ ከሩቅ የሚጣራ ቀይ። ሟች እንዲህ አይለብስም።

ግቢው ሰፊ ነው፣ በቀይ አሸዋ የተሸፈነ። ሽማግሌዎቹ ከነምርኩዛቸው ተሰልፈዋል፣ ሚስቶቻቸው ጎናቸው አሉ። ፊት ለፊት ከዘራ የመሰለች ቀጥ ያለች ሻለቃ ቆማለች፣ የምትጠራው እሷ ናት። ሃምሳ አለቃ ከሰልፉ መሐል ነበር። አልመጣ እንዳይል ጡረታው ይቆረጣል፤ እሷ ትቀር ይሆናል ብሎ ቆርጦ መጥቷል። ቀዩን ቀሚስ ከበሩ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

ጥሩምባ እጁን እያውለበለበ «እህታችን መጣች!» አለና ቦታ ለቀቀላት። የአንዱ ጡረተኛ ሚስት ደግሞ እጇን ጨብጣ «ለእህትሽ እኮ አልቅሼላታለሁ» አለቻት። መርፌ አመሰገነቻት።

የሃምሳ አለቃ ስም ተጠራ።

«አለሁ!» አለ። ድምፁ ተሰንጥቆ ወጣ።

መርፌ ከኋላ ወጥታ ጎኑ ቆመችና፣ ሰፈሩ በሚያውቀው ድምጿ «እኔም አለሁ!» አለች።

ሻለቃዋ ቀና አለች። «እዚህ መዝገቡ ላይ ባለቤቱ አርፋለች ነው የሚለው። አንቺ ማን ነሽ?»

«እሱ ይንገርዎት።»

«የ… የባለቤቴ እህት ናት» አለ ሃምሳ አለቃ።

«እኔ እህት የለኝም» አለች መርፌ። «እናቴ ከኔ በላይ አልወለደችም፣ ከኔ በታችም አልወለደችም። አንዷ በቃኝ ብላ ነው።»

ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሳቅ ጀመረና በአጭሩ ቀረ። ነገሩ የሚያስቅ አለመሆኑ ለሁሉም አንድ ላይ ነው የገባቸው። ሻለቃዋ ሁለት እርምጃ ቀረበች። «ሃምሳ አለቃ፣ እደግመዋለሁ። ከጎንህ የቆመችው ማን ናት?»

ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ወደ ሻለቃዋ አላየም፣ ወደ ሚስቱም አላየም። ወደ ጓደኞቹ አየ። ጥሩምባ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ባለቤቴ ናት» አለ።

«አልሰማሁም!»

«ባለቤቴ ናት!»

ግቢው ሰማ። አጥሩ ሰማ። በትዳራቸው ዘመን ይህን ቃል በሰው ፊት ብሎት አያውቅም፤ በሰርጋቸው ዕለት እንኳ አጉረምርሞ ነው ያለፈው። የመርፌ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ይህን ልትደብቀው አልሞከረችም፤ ፈገግታዋ እስከ ጆሮዋ ነበር።

ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። በግራው የቆመው ሽማግሌ አንድ እርምጃ ራቅ አለ፣ በቀኙ የነበረውም እንዲሁ፣ ከፊቱ የነበሩትም ወደፊት ፈቀቅ አሉ። ሰልፉ መሐል ሜዳ ተከፈተና ሃምሳ አለቃ እዚያ ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ቀረ።

«እጄን አንስቼልህ ነበር እኮ» አለ ጥሩምባ። ያ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ። «በኔ እጅ ነው የቀበርካት።»

ሻለቃዋ አበሉ ከዛሬ ጀምሮ መቆሙን፣ ቃል የሰጡትም ሦስቱ ጓዶች እንደሚጠየቁ ተናግራ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። ያለቀሰችላት ሴት መርፌን በሩ ድረስ ተከትላ መጣች። «አንቺዬ፣ ያ ሁሉ እንባዬ ላንቺ ነበር ለካ!» አለች፣ ልትቆጣም ልታቅፋትም እያማራት።

«አይጠፋም» አለቻት መርፌ፤ «ቀኔ ሲደርስ ይታሰብልኛል።»

ጠበቃው ግን ልክ ነበር። ዳኛው ሃምሳ አለቃን ስለ ውሸቱ ልክ ልኩን ነገሩት። ነገር ግን አበሉ ቆሟል፣ ሰውዬው አሁን እውነትም ምንም የለውም። ሱቁ ለሷ ተወሰነ፣ ከሁለቱ መኪናዎች አንዱ፣ አዲሱ፣ ለሱ። መርፌ ብይኑን ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች። ያንን መኪና በስንት ሌሊት ስፌት እንደገዛችው የምታውቀው እሷ ናት።

«ነግሬዎት ነበር» አለ ጠበቃው ደረጃው ላይ።

«ነግረኸኛል» አለች። «እኔም ሰምቼሃለሁ።»

ሃምሳ አለቃ መኪናውን ሊወስድ ከአንድ ተሸካሚ ጋር መጣ። ቆሞ እያየው «እኔ ይሄን ምን ላደርገው ነው? መስፋት አልችል» አለ፣ ዛሬም እንደድሮው የምታዝንለት መስሎት።

«እኔም ከእናቴ ሆድ መቀስ ይዤ አልወጣሁም። ተማር» አለችው፣ ክሩን ግን ነቅላ አስቀረች።

በሳምንቱ ሸጠው አሉ። እሷ በአሮጌው መኪና ቀረች፤ ትምህርት ቤት ሲከፈትና ዩኒፎርም ሲቆለል መኪናው ሲያጉረመርም እሷም አብራ ታጉረመርማለች፣ ሃምሳ አለቃንም በየስፌቱ ታነሳዋለች። አልተጸጸተችም ግን። አንዳንድ ቀን ያ «ባለቤቴ ናት!» ትዝ ሲላት ብቻዋን ትስቃለች፤ ደንበኞቿ ምን ነካት ይላሉ።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ጥሩምባ መጣ። የታጠፈ ሱሪ በክንዱ ይዟል። ተጠይቆ፣ ተገሥጾ፣ ለጥቂት ነው የተረፈው። አጠገቧ ለመቀመጥ አፍሮ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እግሩን አሳጥሪልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ በኋላም አልሄደም። «ደግሞ… ጓዶች ልከውኛል።»

«ምን ብለው?»

«ሃምሳ አለቃ በየቀኑ ክበቡ በር ላይ ይመጣል። አይገባም፣ እኛም ግባ አንለውም። ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ድምፃችንን ይሰማል። ትናንት ዝናብ እየመታው ቆሞ ነበር። አንጀታችንን በላው፣ ምን ልዋሽሽ። ግን የተበደልሽው አንቺ ነሽ፤ ይቅር ካልሽው እናስገባዋለን፣ አይሆንም ካልሽ አይሆንም። ቃሉ ያንቺ ነው ብለናል።»

መርፌ ሱሪውን ገለበጠችው፣ የስፌቱን ጠርዝ በጥፍሯ እየፈተሸች። አዝና ይሆን ብሎ ጥሩምባ ፊቷን ፊቷን አየ። አላዘነችም። ይልቅ ቃሉ የሷ ነው መባሉ እንደ ሞቀ ውኃ ሰውነቷን ዘለቀው።

«እኔን ዘጠኝ ዓመት ቀብራችሁኛል» አለች። «እሱንም ዘጠኝ ዓመት ቅበሩት። ከዚያ ኑና እንነጋገራለን።»

መርፌ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ተንበረከከች።

«ጫማዎን አያውልቁ» አለችው። «እስከ ተረከዙ ነው ወይስ ከፍ ይበል?»